አንድ ኪሎ ሜትር ፈትል

እኔ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ በኋላ ላይ «ይሄ ሰውዬ ትምህርት ቤት የሚባል ነገር አልገባም እንዴ?» እንዳትሉኝ ነው። ገብቻለሁ። አሁንም በየቀኑ እገባለሁ፤ ብቻ ከክፍሉ ይልቅ ሜዳው ላይ ነው የምገኘው። ፊሽካዬ አንገቴ ላይ ናት፣ የርዝመት መለኪያዬ ሜትር ደግሞ ቦርሳዬ ውስጥ። መካነ ሰላም ውስጥ ከየት እስከ የት ስንት ሜትር እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው ካለ ይምጣና ይከራከረኝ። ርቀት ያወቀ ሰው ውፍረትና ቅጥነትም ያወቀ ስለመሰለኝ ነው ጉድ የሆንኩት።

ነገሩ የተጀመረው ላገባ ስል ነው። ሰዓዳ እኛው ትምህርት ቤት ሒሳብ ታስተምራለች። ሽማግሌ ተልኮ፣ እሺ ተብሎ፣ ዱዓ ተደርጎ፣ ረመዳን ሳይገባ ሠርጉ እንዲሆን ቀን ተቆርጧል። የቀረው ጋቢው ብቻ ነው። በእኛ ዘንድ ሙሽራው የሚደርበው ጋቢ ከሱቅ አይገዛም። የሙሽራው እናት ትፈትላለች፣ የሙሽሪትም እናት ትፈትላለች፣ የሁለቱ ፈትል አንድ ላይ ይሸመናል። ሁለት ቤት አንድ ሆነ ለማለት ነው። ሲያወሩት እንዴት ደስ ይላል! ማውራቱ ላይ ቢቀር ደግሞ እንዴት ጥሩ ነበር!

እማዬ ክረምቱን ሙሉ ስትፈትል ከረመች። አማቴ እትዬ ዘምዘምም ከማዶ ሰፈር ክረምቱን ሙሉ ሲፈትሉ ከረሙ። ከዚያ ሁለቱም ልቃቂታቸውን በዘንቢል ሞልተው፣ ሳይቀጣጠሩ በአንድ ጠዋት ሸማኔው ጋሼ ይመር ቤት ደረሱ። የእማዬን ዘንቢል የተሸከምኩት እኔ ነበርኩና ባይኔ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ።

ጋሼ ይመር እግራቸውን ከሽመና ጉድጓዳቸው ሳያወጡ ከየዘንቢሉ አንዳንድ ልቃቂት አነሡና ክሩን በጣታቸው አሸት አሸት አደረጉት።

«ማሻ አላህ! ሁለቱም ኸይር ነው» አሉ። «አንዱ ቀጠን ይላል፣ አንዱ ደልደል ይላል። ቀጭኑን ድር አደርገዋለሁ፣ ደልዳላውን ማግ።»

ሽመና ለማታውቁ፣ ድር የሚባለው አስቀድሞ በቁመት የሚወጠረው ነው፤ ማግ ደግሞ በኋላ በወርዱ እየተወረወረ የሚገባው። አንዱ ካለ አንዱ ጨርቅ አይሆንም። ይሁን እንጂ ድር መሆን ክብር ነው፤ ቀድሞ ይገባል፣ ሌላው በእሱ ላይ ነው የሚቆመው። ሠርግ ላይ ከሽማግሌዎቹ አጠገብ እንደመቀመጥ ያለ ነገር ነው።

«ቀጭኑማ የእኔ ነው» አለች እማዬ።

«ቀጭኑማ የእኔ ነው» አሉ እትዬ ዘምዘም። እኩል ነው የተናገሩት። ከዚያ እኩል ሳቁ። እኔ የዋሁ አብሬ ሳቅሁ።

«የአንቱ እኮ ለብርድ የሚሆን ነው» አለች እማዬ በጨዋ ደንብ። «ደጋ ላይ እንዲህ ያለ ወፍራም ያስፈልጋል።»

«የአንቱስ ቢሆን ምን ይወጣለታል!» አሉ እትዬ ዘምዘም። «ጆንያ ቢሰፉበት አይበጠስም።»

እዚህ ላይ ሳቁ ቆመ። ከትንሽ ጊዜ በኋላ አንቱታውም ቀረና «አንቺ» ተባባሉ። ጋሼ ይመር እንዲፈርዱ ሁለቱም ዞሩባቸው። ሰውዬው በሁለቱም ቤት በልተዋል፣ በሁለቱም ቤት ጠጥተዋል፣ የሁለቱንም ልጆች አቅፈው አሳድገዋል።

«እኔ ሸማኔ ነኝ እንጂ ቃዲ አይደለሁም» አሉና ከጉድጓዱ ወጥተው ውዱእ ሊያደርጉ ሄዱ። የሶላት ሰዓት ገና ነበር።

እትዬ ዘምዘም ዘንቢላቸውን አነሡ። «ፈትሌ የተናቀበት ቤት ልጄን አልሰጥም!» አሉ። እማዬም ዘንቢሏን አነሣችና «እኔም ገመድ ፈታይ ተብዬ ልጄን አልድርም!» አለች። እኔ መሀል ላይ ባዶ እጄን ቀረሁ።

በማግስቱ ሰዓዳ የትምህርት ቤቱ አጥር ሥር አገኘችኝ። «ስማ» አለችኝ፣ «ረመዳን ሳይገባ ካልሆነ ለከርሞ ነው ብላለች እማ። ለከርሞ ማለት ደግሞ ምን እንደሆነ ታውቃለህ። ያ የአጅባሩ እህል ነጋዴ እንደገና ሽማግሌ ሊልክ ነው ይላሉ። ዛሬ እማ ስለ እሱ ስታወራ ‹ጨዋ ልጅ ነው› አለች። አምና ‹አፍንጫው አያምርም› ስትል ነበር። አንድ ነገር አድርግ!»

አንድ ነገር ማድረግ አለብኝ። ምን? ቀጭኑ የማን እንደሆነ የሚፈርድ፣ በማንም ቤት ያልበላ፣ በማንም ቤት ያልጠጣ ዳኛ መፈለግ። እንዲህ ያለ ዳኛ በእኛ አገር ከሰው ወገን አይገኝም። ስለዚህ ስልኬን አወጣሁ።

ወገኖቼ፣ ለካ ዓለም ስለ ክር ቅጥነት ስትጨቃጨቅ ነው የኖረችው! ዲኒየር የሚባል ልኬት አለ። ዘጠኝ ሺህ ሜትር ክር ስንት ግራም መዘነ? ያ ቁጥር የክሩ ዲኒየር ነው። ለምን ዘጠኝ ሺህ ሆነ? ለምን አስር ሺህ ብለው እንዳልገላገሉን እንጃ። ለበግ ፀጉር ደግሞ ማይክሮን አላቸው፤ የአንዲትን ፀጉር ወገብ በማጉያ መሣሪያ ይለካሉ። የኛ አገር በግ ይህን ብትሰማ ብርዱን ትታ በሳቅ ትሞት ነበር። ቴክስ የሚባልም አለ፣ እሱ የአንድ ሺህ ሜትር ክር ክብደት ነው በግራም። ሌላው ደግሞ ነገሩን ገልብጦ አንድ ግራም ክር ስንት ሜትር ይሄዳል ብሎ ይጠይቃል፤ የክር ቁጥር ይሉታል። ይህን የመጨረሻውን አንብቤ አለፍኩት።

ዲኒየርን ወዲያው ተውኩት። ዘጠኝ ኪሎ ሜትር የእኔ ተማሪዎች እንኳ ሮጠውት አያውቁም። ቴክስ ግን የእኔ ሰው ሆኖ አገኘሁት። አንድ ኪሎ ሜትር! ተማሪ የማስሮጥበት፣ ከከተማው ጫፍ ካለው ትልቅ ባህር ዛፍ ተነሥቶ እስከ ድልድዩ ያለው መንገድ ልክ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። አሁን ሰዓዳ «አስር ሜትር መዝነህ በመቶ አታባዛም ነበር?» ትለኛለች። ልክ ናት። ግን «አንድ ሺህ ሜትር» ነው የሚለው። እኔ ደግሞ መመሪያ የማከብር ሰው ነኝ።

ለሁለቱም እናቶች «በሳይንስ ልትዳኙ ነው» አልኳቸው። ሁለቱም ፈቀዱ፤ ሁለቱም ማሸነፋቸውን አልተጠራጠሩም። ዘንቢሎቹን ይዤ በማለዳ ባህር ዛፉ ጋ ሄድኩ። የእማዬን ክር ጫፍ በግንዱ ግራ፣ የእትዬ ዘምዘምን በግንዱ ቀኝ አሰርኩና ልቃቂቶቹን እየፈታሁ፣ አንዱ ሲያልቅ ሌላውን እየቀጠልኩ፣ በመንገዱ ዳር ጉዞ ጀመርኩ። ጭጋጉ ገና አልተነሣም። ሁለት ነጫጭ ክሮች ከኋላዬ ተዘርግተው ሳይ ኮራሁ። ቀኑ የገበያ ቀን መሆኑን ረስቼዋለሁ።

መጀመሪያ የደረሱብኝ አህያ የሚነዱ አንድ አዛውንት ናቸው። ክሩን አዩ፣ እኔን አዩ፣ አህያቸውን አቆሙ።

«አንተ ልጅ፣ ማን ልኮህ ነው ገመድ የምትጥልብን?»

«ገመድ አይደለም አባባ፣ ክር ነው።»

«ድሮም በክር ነው የሚጀምሩት» አሉ። «ገመዱ በኋላ ነው የሚመጣው። መንገዱ ሊሰፋ ነው? በየት በኩል ነው የሚሰፋው?»

«ኧረ በአላህ አባባ! ይሄ የእናቴ ክር ነው።»

«እናትህ ማን ሆነው ነው የሰው መሬት የሚያስለኩት?»

ይህን ሲሉ ከኋላ የሚመጣው ገበያተኛ ሁሉ ቆመ። አንዱ ገበሬ ቀስ ብሎ ጎንበስ አለና ክሩን ከራሱ ገብስ አንሥቶ ወደ ማዶው ጎረቤቱ ማሳ አሻገረው። ጎረቤቱ ዝም ብሎ መልሶ አሻገረው። የመጀመሪያው እንደገና አሻገረው። «ኧረ ተዉ፣ ይበጠሳል!» እያልኩ በሁለቱ መሀል ተመላለስኩ። «ምን እየለካህ ነው ታዲያ?» ሲሉኝ «ቅጥነት» አልኳቸው። ርዝመት እየዘረጋ ቅጥነት እለካለሁ የሚልን ሰው ማን ያምነዋል? አዛውንቱ ዱላቸውን ከትከሻቸው አወረዱ።

ያዳኑኝ አንዲት እማሆይ ናቸው። ከሕዝቡ መሀል ብቅ ብለው ክሩን አዩና እልል አሉ። ክሩን ከመሬት አንሥተው ሳሙት።

«ምን መሬት መሬት ትላላችሁ!» አሉ። «ስለት ነው እንጂ! ቤተ ክርስቲያኑን ዙሪያውን በጧፍ ሊያስከብበው ነው፤ ክሩን እየለካ ነው። ለየትኛው ታቦት ነው የተሳልከው ልጄ?»

«እማሆይ፣ እኔ እስላም ነኝ።»

«ታዲያ ምን አለበት? እመቤታችን መች ሰው ትመርጣለች! ምን ሰጥታህ ነው?»

«ገና አልሰጠችኝም» አልኩ፣ ዱላውን በጎን እያየሁ። «ሚስት ነው የምፈልገው።»

«ትሰጥሃለች! ያውም ሳይመሽ!» አሉ። ከልቤ አሜን አልኩ። በዚያ ሰዓት የማንንም ዱዓ የምመርጥበት አቅም አልነበረኝም። ስለት ከተባለ በኋላ ሁሉም ነገር ተለወጠ። አዛውንቱ ዱላቸውን ወደ ትከሻቸው መልሰው «አፉ በለኝ ልጄ፣ አላወቅሁም» አሉ። ገበያተኛው፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ክሩ መሬት እንዳይነካ ከሥር ደግፎ ይዞልኝ እስከ ድልድዩ አብሮኝ ሄደ። ያ ሁሉ ሰው ሲከተለኝ ስለት አለመሆኑን ደግሜ ለማስረዳት ድፍረቱን አጣሁ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ እሷም ይቅር ትበለኝ።

ድልድዩ ጋ ደርሼ ሁለቱንም ክሮች ቆረጥኩ። ሰዉ ወደ ገበያው ሄደ። እኔ ወደ ባህር ዛፉ ተመልሼ ሁለቱንም ፈታሁና የእትዬ ዘምዘምን እስከ ድልድዩ ጠቅልዬ ጨርሼ፣ ወደ እማዬ ክር ዞር ስል አንድ ባጃጅ ከቁልቁለቱ መጣ። የክሩን ጫፍ በኋላ ጎማው ያዘና ይዞት ሄደ። ነጭ ክር መንገዱ ላይ እንደ እባብ እየተሳበ ሲርቅ አየሁ። ምን ላድርግ? የለመድኩትን አደረግሁ። ፊሽካዬን ነፋሁ።

ባለ ባጃጁ ትራፊክ መስሎት ነዳጁን ጨመረው።

በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ሮጬ አላውቅም። ተማሪዎቼ ቢያዩኝ ኖሮ «አስተማሪያችን ሯጭ ነው» ይሉ ነበር፤ ካዩኝ ግን ያዩኝ ኩሬ ውስጥ ስወድቅ ነው። በመጨረሻ ዳገቱ ላይ ባጃጁ ሲደክም ደረስኩበት። ልጁ እጁን ወደ ላይ አንሥቶ «መንጃ ፈቃዴን ቤት ረስቼው ነው» አለኝ። ክሩን ከጎማው ስንፈታ ረፈደ። በኩሬ ያለፈ፣ በእበት ያለፈ፣ ግራሶ የጠጣ ክር ነው የተረፈኝ። የቻልኩትን አራገፍኩ፣ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት።

ግራም የሚመዝን ሚዛን ያለው ወርቅ ሠሪው ዘንድ ነው። ወርቅ ሠሪው ክሩን በሁለት ጣቱ አንሥቶ አየው።

«ጭቃውንም አብሬ ልመዝነው?» አለኝ።

«አንተ ዝም ብለህ መዝን።»

የእትዬ ዘምዘም አርባ ግራም መጣ። የእማዬ ሃምሳ። እንግዲህ ቴክስ ማለት ይህ ነው፤ አርባ ቴክስና ሃምሳ ቴክስ። የከበደው ወፍራሙ ነው። እማዬ ተሸነፈች። «ጭቃው ነው» ብዬ ራሴን ላጽናና ሞከርኩ። አስር ግራም ግን ለጭቃ በዛ። ደግሞም ሌላ አንድ ኪሎ ሜትር ለመዘርጋት የሚችል እግር አልነበረኝም።

ለእማዬ ምን ልበላት? አባቴ ከሞተ በኋላ ብቻዋን ያሳደገችኝ ሴት ናት። በልጇ ሠርግ «ገመድ ፈታይ» ተብላ ልትገባ ነው።  እዚያው ወርቅ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ስልኬን ስነካካ፣ አንብቤ ያለፍኩት ያ ሌላው ልኬት ዓይኔ ላይ መጣ። አንድ ግራም ክር ስንት ሜትር ይሄዳል የሚለው። አንድ ሺህን ለሃምሳ አካፈልኩ፣ ሃያ። አንድ ሺህን ለአርባ አካፈልኩ፣ ሃያ አምስት። ያን ጊዜ ሸይጧን ከጎኔ ቁጭ ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

በቴክስ የእማዬ ቁጥር ይበልጣል። በክር ቁጥር የእትዬ ዘምዘም ይበልጣል። ሁለቱም እውነት ነው! አንድም ቃል ሳልዋሽ ሁለቱንም ማስደሰት እችላለሁ!

«እማዬ፣ ያንቺ ሃምሳ፣ የእሳቸው አርባ» አልኳት።

እልል አለች። «ድሮም አውቀዋለሁ! ማነው የለካው?»

«ቴክስ የሚባል ነው።»

«ዕድሜ ይስጠው! ማድላት የማያውቅ ሰው ነው።»

ማዶ ሰፈር ሄድኩና «እትዬ፣ የእርስዎ ሃያ አምስት፣ የእማዬ ሃያ» አልኩ። እትዬ ዘምዘም ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ አነሡ። ማር አቀረቡልኝ። የአጅባሩ ነጋዴ አፍንጫ እንደገና ማስጠላት ጀመረ። ማሩን እየላስኩ «ሳይንስ እኮ ጥሩ ነገር ነው» አልኩ ለራሴ።

ማሩ ከአፌ ሳይጠፋ ጁምዓ ደረሰ። ሁለቱ እናቶች ጋሼ ይመር ቤት ተገናኙ፤ ዘንቢሎቹን ተሸክሜ እኔም አለሁ። ሁለቱም አሸንፌያለሁ ብለው ስለመጡ ፊታቸው ላይ የሚታየው ርኅራኄ ለጉድ ነው። አንቱታውም ተመልሷል።

«አይዞዎት» አለች እማዬ የእትዬ ዘምዘምን እጅ ይዛ። «አርባም ቢሆን ቀላል አይደለም።»

«የምን አርባ?»

«የአንቱ ክር ነዋ።»

«የእኔ ሃያ አምስት ነው።»

እማዬ ክው አለች። «ከአርባም ወረደ?» አለች ባዘነ ድምፅ።

«ኧረ የምን መውረድ! የአንቱ እኮ ሃያ ነው!»

«የእኔ ሃምሳ ነው!»

 ከዚያ ሁለቱም ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። ጋሼ ይመር ውዱእ ሊያደርጉ ተነሡ።

«ይሄውላችሁ» አልኩ፣ ላቤን እየጠረግሁ፣ «በአንዱ ልኬት ቁጥሩ ሲበዛ ክሩ ይወፍራል። በሌላው ልኬት ደግሞ ቁጥሩ ሲበዛ ክሩ ይቀጥናል።»

«እየበዛ የሚቀጥን ነገር የት አገር ነው ያለው?» አሉ እትዬ ዘምዘም።

«ፈረንጆቹ ናቸው እንዲህ ያደረጉት።»

«ፈረንጆቹን ተዋቸው» አለች እማዬ። ድምፅዋ ዝቅ ብሏል። «አንተን ነው የምጠይቅህ። ቀጭኑ የማን ነው?»

የማመልጥበት ሦስተኛ ልኬት አልነበረኝም። «የእትዬ ዘምዘም ነው» አልኳት።

እማዬ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ለጥቂት ጊዜ አየቻቸው። «አውቄዋለሁ» አለች። «ዓይኔ እንደ ድሮው አይደለም። ክረምቱን በጣቴ እየዳሰስኩ ነው የፈተልኩት። ልጄ ሲያገባ ፈትሏ ዝቅ ያለ እንዳልባል ብዬ ነው።»  ያን ሁሉ ወር አጠገቧ እየዋልኩ ዓይኗ መድከሙን አላየሁም ነበር።

እትዬ ዘምዘም የእማዬን ዘንቢል አንሥተው በሽመና ጉድጓዱ አፍ ላይ አስቀመጡት።

«ወላሂ፣ ድር የሚሆነው የአንቱ ነው» አሉ።

«ኧረ በአላህ! የቀጠነው የአንቱ ነው፣ ድሩ የአንቱ ይሁን።»

«በደከመ ዓይን የተፈተለ እያለ የእኔ ድር አይሆንም!»

«ቀጭኑ እያለ ወፍራሙ ድር አይሆንም! የተፈረደ ነገር ነው!»

«አይሆንም ብያለሁ!»

«እኔም አይሆንም ብያለሁ!»

ይህኛው ጸብ ከፊተኛው ባሰ። በስድብ የተጣላን ሰው ሽማግሌ ገብቶ ያስታርቀዋል፤ በትሕትና የተጣላን ሰው ማን ምን ብሎ ይገላግለዋል? እትዬ ዘምዘም ዘንቢላቸውን አነሡ። «የእኔ ፈትል ድር በሚሆንበት ጋቢ ልጄን አልሰጥም!» አሉ። እማዬም ዘንቢሏን አነሣች። ረመዳን ሲቃረብ፣ የአጅባሩ ነጋዴ አፍንጫ ሲያምር በዓይነ ሕሊናዬ ታየኝ።

ይህን ጊዜ ጋሼ ይመር ከእጃቸው ውሃ እየተንጠባጠበ ገቡ።

«ሁለታችሁም አስቀምጡ!» አሉ። «ያን ቀን ስትሄዱ ነው ድሩን ከሱቅ ገዝቼ የወጠርኩት። የፋብሪካ ክር ነው። እናንተ እስክትስማሙማ ረመዳን ገብቶ ይወጣል። ሁለታችሁም ማግ ናችሁ። አለቀ!»

እናቶቹ ተያዩ። «ሁለታችንም?» አለች እማዬ። «ሁለታችሁም» አሉ ጋሼ ይመር፣ ወደ ጉድጓዳቸው እየገቡ። እማዬ ዘንቢሏን አስቀመጠች። እትዬ ዘምዘምም አስቀመጡ፣ ከዚያ «ይሄ የፋብሪካ ክር እኮ እንዴት ያለ ሻካራ ነው!» አሉ። እማዬ በጣቷ ዳሰስ አድርጋ «ገመድ ነው እንጂ!» አለች። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማሙ።

ሠርጉ ረመዳን ሳይገባ ሆነ። ጋቢውን ደርቤ ከሰዓዳ ጎን ተቀምጫለሁ። እማዬ ልታስተካክልልኝ መጣችና የትከሻዬን ጥግ በጣቷ አሸት አሸት አድርጋ በጆሮዬ «ይቺ ቀጠን ያለችዋ የእኔ ናት፣ አይደል?» አለችኝ። «አዎ እማዬ» አልኳት። ደስ ብሏት ሄደች። ብዙም ሳይቆይ እትዬ ዘምዘም ሊመርቁን መጡና እዚያችው ጥግ ላይ፣ እዚያችው ክር ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። «ይቺ የእኔ ናት፣ አይደል?» አሉኝ። «አዎ እትዬ» አልኳቸው።

ሰዓዳ ሁለቱንም ሰምታለች። ሻሿን ከጆሮዋ ገለጥ አድርጋ ወደ እኔ ዘንበል አለች።

«እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለችኝ። «በጣም ነው የምወድሽ ያልከኝ በየትኛው ልኬት ነው? ሲበዛ በሚወፍረው ነው ወይስ ሲበዛ በሚቀጥነው?»